የረዘመው የድንጋይ ሰልፍ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ የአገሩን መንገድ የረሳ በመሰለበት ዓመት፣ ወንዙ ሁሉ ደርቆ አንዲት ኩሬ ብቻ ቀረች።

ኩሬዋ ጠባብ ነበረች። ዳሯ ላይ አንበሳ ተጋድሞ ይጠብቃታል። ሕጉ አጭር ነው፦ «ኩሬው ዳር ማንም ማንንም አይበላም።» ስለዚህ ጅብ ከአህያ ጎን ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። አፉ ተዘግቷል፤ ዓይኑ ግን የአህያዋ ታፋ ላይ። ሕግ አፍን ይዘጋል፤ ዓይንን ምን ያደርገዋል?

ውሃ የምታድለው እመት ጦጢት ነበረች። ያለቻት አንዲት ቅል ናት። በእሷ እየቀዳች በየቤተሰቡ እንስራ ትገለብጣለች። ቤተሰቡ የሚያስፈልገውን ይጠይቃል፤ እሷም አንድ ቅል፣ ደግሞ አንድ ቅል እያለች ታቀብላለች። ስስት አታውቅም። ማጣራትም አታውቅም።

*

ከኩሬዋ ፈንጠር ብሎ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ አለት አለ። ትምህርት ቤቱ እሱ ነው። ጣሪያ የለውም፣ ደወል የለውም። አስተማሪ ግን አለው፤ አንዲት አህያ። ትልልቆቹ «እመት አህዪት» ይሏታል፣ ልጆቹ «እትዬ»።

«አህያ ደግሞ ምን ታስተምራለች?» ብሎ የሚስቅ ሞልቷል። እሷ አትቆጣም። ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት ተሸክማ ስለኖረች አንድ ነገር ታውቃለች፤ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ጭነት ሄዶ ሄዶ ይጥላል። የቱ ወገን እንደበዛ ቶሎ ያየ ግን አይወድቅም። የምታስተምረው ያንን ማየት ነው።

ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ትሰበስባለች። ጉርሺት የምትባል የአያ ጅቦ ልጅ አለች። ብልጭ የሚባል የጥንቸል ልጅ አለ። የራሷ ውርንጭላ ቡላም አለ። እመት አህዪት አለቱ ላይ በሰኮናዋ ጭረት ትጭርና ትጀምራለች።

«ከጭረቱ ተነሡ። ሾላው ላይ ላረፈ ለእያንዳንዱ ወፍ አንድ የግራር ዘር። ዋንዛው ላይ ላረፈው ደግሞ ከጎኑ በሌላ ሰልፍ። ዘር ከዘር ይነካካ። እሺ?»

«እሺ እትዬ!»

ልጆቹ ቀና ብለው ዛፍ ያያሉ፣ ጎንበስ ብለው ዘር ያስቀምጣሉ። ቀና። ጎንበስ። ሰልፎቹ ከጭረቱ ተነሥተው እንደ ጣት ይረዝማሉ። ዛሬ ልጆች ደብተራቸው ላይ በቀለም እየሣሉ ግራፍ የሚሉት ነገር፣ የዚያ የዘር ሰልፍ የልጅ ልጅ ሳይሆን አይቀርም።

«የቱ በዛ?» ትላለች እመት አህዪት።

«የረዘመው በዛ፣ ያጠረው አነሰ!» ይላሉ በአንድ ድምፅ።

ዜማ ነበረው። ያወጣችላቸው እሷ ናት። ልጅ በዜማ የያዘውን አይረሳም። የግራር ዘር ደግሞ ሁሉም እኩያ ስለሆነ፣ ዜማው አንድም ቀን ስቶ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ጉርሺት እግሯን አነሣች።

«እትዬ፣ ወፎቹ ለምን ሾላውን መረጡ?»

«እሱን አልጠየቅኩም» አለች እመት አህዪት። «የቱ በዛ ነው ያልኩት።»

«ሾላው። የረዘመው በዛ።»

«ጎበዝ! ቁጭ በይ።»

ጉርሺት ቁጭ አለች። ጥያቄዋም አብሯት ቁጭ አለ።

*

ኩሬዋ እየጎደለች ሄደች። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጠቀ። አንድ ቀን አንበሳ ሁሉንም ሰበሰበ።

«ይህ ውሃ እስከ ዝናብ ሁላችንን አያደርስም» አለ። «አንድ ቤተሰብ መሄድ አለበት። ከገደሉ ማዶ ጨዋማ ምንጭ አለ። ይመርራል፣ ግን አይገድልም። የሚሄደው ከሁሉ ይበልጥ የሚጠጣው ነው። ማን እንደሆነ ግን በጩኸት አይታወቅም፤ ጩኸት ላይ ሁላችሁም ጎበዝ ናችሁ።»

«በሰልፍ ይታወቃል፣ ጌታዬ!» አለ ቀበሮ ከኋላ ብቅ ብሎ። «እመት አህዪት ለልጆቹ እንደምታሳየው። ቤተሰቡ አንድ ቅል በተቀበለ ቁጥር አለቱ ላይ አንድ ድንጋይ ይደርድር። ጨረቃ ስትሞላ እናያለን። የረዘመው ይሄዳል።»

አንበሳ ወደ አህያዋ ዞረ። «ያስኬዳል?»

የእመት አህዪት ደረት ሞላ። እስከዚያ ቀን ድረስ ትልልቆቹ ትምህርቷን ከልጆች ጨዋታ አስበልጠውት አያውቁም ነበር። አሁን የአገሩ ፍርድ በእሱ ሊሰጥ ነው።

«ያስኬዳል ጌታዬ» አለች። «ሁሉም ከአንድ ጭረት ይነሣ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ይነካካ። ከዚያ በኋላ ሕፃን እንኳ ያነበዋል።»

«ሕፃን እንኳ!» አለ ቀበሮ። «አፍሽ ይባረክ።»

ጨዋማው ምንጭ ለማንም አይጥምም። ለአህዮች ግን የመረረው ምንጩ ሳይሆን መንገዱ ነበር። መንገዱ በጅቦች ገደል ውስጥ ያልፋል፤ የኩሬው ሕግ ደግሞ እዚያ አይደርስም። ገደሉ ገብታ ስለወጣች አህያ በአገሩ ወሬ የለም። ስለገባች አለ፤ ስለወጣች የለም።

እመት አህዪት ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ቢሆንም አልፈራችም። አህዮች ጥቂት ናቸው፤ የሚጠጡትም በልክ ነው። ሰልፉ እውነቱን ይናገራል ብላ አመነች።

*

በማግስቱ አህዮቹ ድንጋይ ሲመርጡ ቀበሮ አጠገባቸው መጥቶ ቆመ። የአህዮቹ ሽማግሌ አባ ጭነት በከንፈሩ ጠጠር ይዞ ነበር።

«አዬ አባ ጭነት!» አለ ቀበሮ ራሱን እየነቀነቀ። «ጠጠር? እርስዎ? አሞሌ ጨው ያጋዘ ወገብ ጠጠር ይዞ ሲሄድ ጥንቸል ብታይ ምን ትላለች?»

አባ ጭነት ጠጠሩን እንትፍ አድርጎ ተፋው።

«ሕጉ አንድ ቅል፣ አንድ ድንጋይ ነው ያለው» ቀጠለ ቀበሮ። «ትንሽ ይሁን አላለም። አያ ጅቦ ጠጠር ያንሣ፤ ሰነፍ ስለሆነ ያምርበታል። የእናንተ ግን የሚመጥናችሁ መሆን አለበት። እኔ እንኳ ለክብራችሁ ብዬ ነው። ምን አገባኝ።»

በአህዮች ዘንድ ቀላል ነገር ተሸክሞ መታየት ነውር ነው። ከአባት የመጣ ነው። ጭነቱ ያነሰበት አህያ መንገድ ላይ ቢታይ «ምነው? አመመው እንዴ?» ይባላል። ውርንጭላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫን ከባዱን መርጦ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ እናቱ በደስታ ታለቅሳለች። ስለዚህ አህዮቹ ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትልልቁን ድንጋይ መረጡ። በግንባራቸው እየገፉ፣ በደረታቸው እያንከባለሉ አመጡ።

እመት አህዪትም የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል መርጣ እያላበች ገፋችው። ስትጥለው አለቱ ድም አለ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ አየችው። የአህዮቹ ሰልፍ ሲያምር!

ከጎኑ አያ ጅቦ ባቄላ የምታህል ጠጠር እያስቀመጠ ያጉረመርማል።

«ለምንድን ነው የእኔ ትንሽ የሆነው? እኔ ትልቁን ነው የምፈልገው! ሁልጊዜ ትልቁን!»

«ዝም በል ወዳጄ» አለው ቀበሮ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ። «ዛሬ ትንሹን ያነሣ ነገ ትልቁን ይበላል፤ ለእኔ ትራፊው ይበቃኛል።»

አያ ጅቦ ከዚህ ሁሉ የገባው «ይበላል» የሚለው ብቻ ነው። እሱ በቃው።

*

ጨረቃ ሞላች። በነጋታው ጠዋት ሁሉም አለቱን ከበበ።

የጥንቸሎቹ ሰልፍ አጭር ነበር። የጦጣዎቹም አጭር ነበር። የቀበሮዎቹ መካከለኛ። የጅቦቹ ጠጠሮች ደግሞ እንደ ጉንዳን መንገድ ተጣብቀው ጥቂት ሄደው ይቆማሉ። የአህዮቹ ሰልፍ ግን እስከ አለቱ ጠርዝ ደርሶ ነበር።

«ትልቅ ያነበበው እንደሆነ ለወገኑ ያነባል» አለ አንበሳ። «ልጆቹ ያንብቡት። ተምረዋል።»

ልጆቹ እየተገፋፉ ወጡ። አፍረዋል። ደስም ብሏቸዋል። ብልጭ ጭረቱን እያሸተተ ከዳር እስከ ዳር ሮጠ። «ሁሉም ከጭረቱ ነው የሚነሣው!» አለ። ቡላ ድንጋዮቹን በአፍንጫው ነካካ። «ድንጋይ ከድንጋይ ይነካካል!» አለ። እመት አህዪት በኩራት ራሷን ነቀነቀች። ጎበዞች። ምንም አልረሱም።

«እንግዲህ» አለ አንበሳ፣ «የቱ በዛ?»

ልጆቹ አፋቸውን ሲከፍቱ የወጣው ዜማው ነው።

«የረዘመው በዛ፣ ያጠረው አነሰ!»

«የረዘመው የማን ነው?»

ለሰልፉ ከሁሉ የቀረበው ቡላ ነበር። ድንጋዮቹን በዓይኑ ተከትሎ ሄደ፣ ሄደ፣ እስከ ጠርዙ ሄደ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። ትክክለኛውን መልስ እንዳገኘ ልጅ ፊቱ በራ።

«የእኛ!» አለ።

*

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ትሄዳላችሁ» አለ አንበሳ።

አያ ጅቦ ለሃጩ ተዝረከረከ። «ቶሎ ሄጄ ቤቴን ላሰናዳ! እንግዳ አለብኝ!» ብሎ ወደ ገደሉ ሊሮጥ ሲል ቀበሮ ጅራቱን ነክሶ መለሰው።

«እኛ እኮ በልክ ነው የጠጣነው!» አለ አባ ጭነት። ድምፁ ተሰበረ። «ፈጣሪ ያውቃል! በልክ ነው!»

«እኔ ምን አደረግኩ፣ አባቴ?» አለ ቀበሮ። «ያነበብኩት እኔ አይደለሁም። የገዛ ልጃችሁ ነው።»

እመት አህዪት ቡላን ነው የምታየው። እሱ ገና አልገባውም። ጆሮውን አቁሞ «ጎበዝ!» እስክትለው ይጠብቃል። ያደረገው እሷ ያስተማረችውን ነው፤ አንዲት ነገር ሳይስት። የከበዳት ይኼ ነው። ከዚያ ሁሉ ድንጋይ ይልቅ ይኼ ከበዳት። ዜማ ሰጠኋቸው፣ አለች በልቧ። ዜማ ዓይን የለውም።

ዓይኗ ከቡላ ተነሥቶ አለቱ ላይ ወደቀ። እሷ እያላበች የገፋችው ድንጋይ እዚያው አለ። ከጎኑ የአያ ጅቦ ጠጠር አለች። ይህኛው የአንድ ቅል ነው። ያችም የአንድ ቅል ናት።

ፊቷ በእፍረት ጋለ።

«ጌታዬ» አለች። «ፍርዱን አልቃወምም። ትምህርቱን ግን አልጨረስኩም። ፀሐይ ገና ናት። አንድ ጊዜ ላስተምር።»

ቀበሮ ሳቀ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። የአህያ ትምህርት ያስጥል እንደሆነ እንይ!»

ብዙዎች ሳቁ። አንበሳ ግን ጅራቱን አንዴ መሬት ላይ መታ። ሳቁ ተቆረጠ።

«ታስተምር» አለ።

*

እመት አህዪት ልጆቹ ፊት ቆመች።

«ዛሬ ዜማ የለም» አለች። «የቱ በዛ አልላችሁም። ምን አያችሁ?»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቀው አያውቁም።

«ሰልፍ» አለ ብልጭ።

«ሌላስ?»

«ድንጋይ» አለ ቡላ።

«ሌላስ?»

«ትልልቅ ድንጋይ» አለች ጉርሺት ቀስ ብላ። «እና ትንንሽ ድንጋይ።»

«አንድ ድንጋይ ምን ማለት ነው?»

«አንድ ቅል!» አሉ ሁሉም።

«ትልቁ ድንጋይስ?»

«ትልቅ ቅል!» አለ ብልጭ ፈጥኖ።

እመት ጦጢት ከሾላው ላይ ሆና ጮኸች። «ትልቅ ቅል ከየት አምጥቼ? ቅሌ አንዲት ናት! ይኸው!» ብላ ከፍ አድርጋ አሳየች።

ልጆቹ ቅሏን አዩ። ድንጋዮቹን አዩ። እንደገና ቅሏን አዩ።

እመት አህዪት መልሱ ጉሮሮዋ ላይ ነበር። ብትናገረው ይቀላል። ፀሐይዋም እየዘቀዘቀች ነው፤ አባ ጭነትም «በይ እንጂ! በይ ንገሪያቸው!» እያለ በሰኮናው መሬት ይቆፍራል። እሷ ግን ምላሷን ነክሳ ጠበቀች። አሁን እሷ ከተናገረችው ነገ ደግሞ ሌላ ይናገርላቸዋል።

«እትዬ…» አለች ጉርሺት። ጎንበስ ብላ አንዱን ትልቅ ድንጋይ አሸተተችው። «ትልቁም አንድ ቅል ነው። ትንሹም አንድ ቅል ነው። ታዲያ የረዘመው… ድንጋዩ ነው እንጂ ውሃው አይደለም።»

«ውሃው የበዛው የማን እንደሆነ በምን እናውቃለን?»

ልጆቹ አሰቡ። ቡላ ጆሮውን አወዛወዘ።

«እናጋባቸው!» አለ።

«ምኑን?»

«ድንጋዮቹን! አንድ ከእኛ፣ አንድ ከጅቦቹ። ማን ሚስት እንዳጣ እናያለን!»

ትልልቆቹ ሳቁ። አንበሳ እንኳ ጢሙ ተንቀሳቀሰ። ልጆቹ ግን ሥራ ጀመሩ። ቡላ ትልቁን ድንጋይ ይገፋል፤ ጉርሺት ጠጠር በአፏ አምጥታ ከአጠገቡ ታስቀምጣለች። ብልጭ በመካከል እየተሯሯጠ «ተጋቡ! ተጋቡ!» ይላል። ሌላ ድንጋይ፣ ሌላ ጠጠር። የአህዮቹ ሰልፍ ከጠርዙ ጀምሮ እያጠረ መጣ። አጠረ፣ አጠረ፣ አለቀ።

ጠጠሩ ግን አላለቀም።

ጉርሺት ታመጣለች፤ የሚያገባት ድንጋይ የለም። ታመጣለች፤ የለም። የተረፈው ጠጠር እየተከመረ ሄደ። የቀሩትንም ቤተሰቦች እንዲሁ አጋቧቸው። ጠጠሮቹ ላይ የደረሰ አልተገኘም።

አያ ጅቦ ክምሩን አየ። ዓይኑ በራ። ዘሎ መሐል ገባ።

«ተረፈ! የእኔ ተረፈ! የተረፈው ሁሉ የእኔ ነው!»

ቀበሮ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

*

«ገባኝ» አለ አንበሳ። «የሚሄዱት ጅቦች ናቸው። አባትም፣ ልጆችም።»

አህዮቹ በአንድ ላይ አናፉ። አባ ጭነት ዕድሜውን ረስቶ ዘለለ። እመት አህዪት ቡላን በአንገቷ ወደ ራሷ ሳበችው። ሽታው ሸተታት። የልጅ ላብና የአለት አቧራ። ዳነ። ልጇ ዳነ።

ቀና ስትል ጉርሺትን አየቻት። የመጨረሻዋን ጠጠር እግሯ ሥር አስቀምጣ ቆማለች።

«እትዬ፣ ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ።»

«ታዲያ ለምን በዛ?» አለች ጉርሺት። «ስንት እንደሆነ አየን። ለምን የእኛ በዛ?»

አባ ጭነት በመካከል ገባ። «በቃ! ልጅሽን አስነሺና እንሂድ! ከሞት አፋፍ ተመልሰን ለጅብ ልጅ ጠበቃ ልንቆም ነው? ይቺ ነገ አድጋ ምን እንደምትሆን ጠፋሽ?»

አልጠፋትም። እመት አህዪት የጅብ ጥርስ እንዴት እንደሚያድግ ታውቃለች። «እሱን አልጠየቅኩም፣ ቁጭ በይ» ማለትም ትችል ነበር። አንድ ጊዜ ብላዋለች። ልጅቱም ቁጭ ብላ ነበር። አሁንም ብትላት ትቀመጣለች፤ ከዚያ ተነሥታ ከአባቷ ጋር ወደ መራራው ምንጭ ትሄዳለች። ማንም አይጠይቅም። ሰልፉ ግልጽ ነው።

ግልጽ ነው። ጠዋትም ግልጽ ነበር።

«ጌታዬ» አለች ወደ አንበሳ ዞራ። «ትምህርቱ አላለቀም።»

«ወገንሽ ድኗል። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«ሰልፉ ስንት ቅል እንደተቀዳ ይናገራል። ማን እንደጠጣው ግን አይናገርም።» ጎንበስ አለችና የጉርሺትን ፊት ተመለከተች። ከንፈሯ እንደ ኩሬዋ ዳር ተሰነጣጥቋል። በየቀኑ ፊቷ ስትቀመጥ እንዴት አላየችውም? «ጉርሺት፣ ውሃው ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠጣው ማን ነው? አንቺ ነሽ ወይስ ታናናሾችሽ?»

«ውሃ ቤት አይመጣም እትዬ» አለች ጉርሺት። «እኛ ጤዛ ነው የምንልሰው።»

እመት ጦጢት ከሾላው ላይ ወረደች። «ምን አልሽ? አባትሽ በየጠዋቱ ለልጆቼ፣ ለታመመችው እናቴ፣ ለአክስቴ እያለ ስንቱን አስቀድቶኝ!»

«አያታችን ከሞተች ቆየች» አለች ጉርሺት። «አክስት የለንም።»

ሁሉም ወደ አያ ጅቦ ዞረ።

«ላደርስላቸው ነበር!» አለ አያ ጅቦ። «በእውነት! ግን መንገድ ላይ ይፈስሳል።»

«የት ነው የሚፈሰው?» አለ አንበሳ።

አያ ጅቦ ትንሽ አሰበ። «ሆዴ ውስጥ» አለ።

*

አንበሳ የጉርሺትን የተሰነጣጠቀ ከንፈር አየ። ከዚያ የሚሄደው አያ ጅቦ ብቻ እንዲሆን ፈረደ። ልጆቹ ይቀራሉ፤ እመት ጦጢትም ድርሻቸውን ከእንግዲህ በየአፋቸው ታጠጣለች።

«አንድ ነገር ቀረ» አለ። «አህዮች ትልልቅ ድንጋይ እንዲያነሡ የመከረ ማን ነው?»

አባ ጭነት መሬት መሬት አየ። ጠጠሩን መትፋቱን ማን ይናገራል?

«ምክሩ የቀበሮ ነው፣ ጌታዬ» አለች እመት አህዪት። «ኩራቱ ግን የእኛ ነው። ከሁሉ ትልቁን ድንጋይ የገፋሁትም እኔ ነኝ።»

«እኔማ ትሕትናቸውን ልፈትን ብዬ…» ብሎ ጀመረ ቀበሮ።

«አያ ጅቦ መንገዱ እንዳይጠፋው አብረህ ሂድ» አለው አንበሳ።

አያ ጅቦ ቀበሮውን ከላይ እስከ ታች አየው። ቁርስ አልበላም ነበር።

«ጌታዬ» አለ ቀበሮ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «የኩሬው ሕግ… ገደሉም ውስጥ ይሠራል አይደል?»

አንበሳ ዓይኑን ጨፈነ።

ሁለቱ ሄዱ። ቀበሮ ከፊት፣ በጣም ከፊት። አያ ጅቦ ኮረብታው ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «እዚያ ቁርበት ያነጥፉልኛል?» ብሎ ጮኸ። የመለሰለት የለም።

እመት ጦጢት አንድ ቅል ሞልታ ለጉርሺት አቀረበች። ልጅቱ ጠጣች። ቀና ብላ ተነፈሰች፣ እንደገና ጠጣች። ውሃ ጢሟ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እመት አህዪት አጠገቧ መጥታ ተኛች። ሌሎቹ ልጆችም አንድ በአንድ መጥተው ተጠጉ። አለቱ ገና ሙቅ ነበር።

ጉርሺት ኮረብታውን ታያለች።

«እትዬ፣ አባቴ ይመለሳል?»

«ዝናብ ሲመጣ።»

«ዝናብ መቼ ይመጣል?»

እመት አህዪት መልስ ለመስጠት አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው።

«አላውቅም» አለች።

አስተማሪ ሆና ይህን ቃል ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ልጆቹ ተገረሙ፤ ግን አልሳቁም። ብልጭ ቀና ብሎ ሰማዩን ማየት ጀመረ። ከዚያ ቡላ። ከዚያ ሁሉም፣ ጅብም ጥንቸልም ውርንጭላም፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ደመና ፈለጉ፤ እመት አህዪትም አብራቸው ፈለገች።

ከዚህ የምንማረው፣ ለልጅ የቱ እንደረዘመ ማየትን ብቻ አስተምረን ምን እንደተለካ፣ በምን እንደተለካና ለምን እንደበዛ መጠየቅን ካላስተማርነው፣ በልጁ ዓይን ሌላው የፈለገውን እንደሚያይበት ነው።